ወንበር የሌለው ጉባኤ

እትዬ ይርጋለምን በመልኳ የሚያውቃት ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ አይደለም። በድምፅዋ ግን ከደብረ ሲና እስከ አንኮበር የማያውቃት የለም። ዕድሜዋን የጨረሰችው ስልክ ቤት፣ መስመር የሚያገናኘው ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ነው። ሰው የስልኩን እጀታ አዙሮ መነጋገሪያውን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

«ደብረ ብርሃን ነኝ» ትላለች፣ ከተማው ራሱ አፍ አውጥቶ የተናገረ ይመስል።

«ማን ልበል?» ብላ ስትጠይቅ ሰው ሁሉ «እኔ ነኝ» ይላታል። እሷም ሳትሰለች «እኔም እኔ ነኝ፤ አሁን ስምዎን ይንገሩኝ» ትላለች።

ድምፅዋ ወፈር ያለና ሞቅ የሚል ነው። አንድ የደብረ ሲና የጭነት መኪና ሾፌር በዚህ ድምፅ ተይዞ፣ መልኳን ለማየት የጣርማ በርን አቀበት ሽቅብ መጥቶ ነበር። ስልክ ቤቱ በር ላይ አጭር፣ ቀጭን፣ ሁለት ሹራብ ደርባ ጋቢ የተከናነበች ሴት ቆማ አገኘ።

«ይርጋለምን ፈልጌ ነበር» አላት።

«የለችም። ደብረ ሲና ስትደርስ ደውልላት።»

እውነትም ደወለ። ክረምቱን ሙሉ ደወለ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ከረሙ። በሩ ላይ ያገኛት ሴት እሷ መሆኗን ግን እስከ ዛሬ አያውቅም። ይህን ስትነግረኝ ሳቋን በጋቢዋ ጠርዝ ትሸፍናለች። የምኖረው ግቢዋ ውስጥ ባለችው ትንሽ ክፍል ስለሆነ ብዙውን ነገር የሰማሁት ከእሷው ነው።

የተወለደችው አንኮበር ነው፤ የቄስ ብርሃነ መስቀል ልጅ ናት። አንኮበር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን ፈልጎ ያጣል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየተጠራሩ ነው የሚሄዱት። አንዱ ስሙን ይናገራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድምፁ የጠፋ ካለ ሁሉም ይቆማል። እትዬ ይርጋለም ስልክ ቤት ስትቀጠር ሥራው አዲስ አልሆነባትም። የማይተያዩ ሰዎችን ማጠራራት ነው፤ ልዩነቱ ደመወዝ አለው።

ይህ የምተርከው ነገር የሆነው በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከመምህር ዘርአ ዳዊት ጆሮ ነው።

ዘርአ ዳዊት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ማጅራት ገትር ያዘው፤ እሱ ከሞት ተረፈ፣ ጆሮው አልተረፈም። ትምህርት ቤቱ አላባረረውም፤ ከክፍል አውጥቶ የመጻሕፍት መጋዘን ውስጥ አስቀመጠው። ንግግሩ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው፤ ድምፁን ስለማይሰማው ብቻ ትንሽ ይጮኻል። የሚያናግሩት ሰዎች ደግሞ የሚሰማ እየመሰላቸው መልሰው ይጮኹበታል። ከሩቅ ለሚያይ ሁልጊዜ የተጣላ ይመስላል።

ከመታመሙ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ ቤት እየመጣ እነዋሪ ያሉትን እናቱን፣ ወይዘሮ አመተ ማርያምን ያነጋግር ነበር። ከታመመ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መስኮቱ ላይ ቆመ።

«ይርጌ» አላት፣ ስልክ ቤቱ በሙሉ እየሰማ። «እኔ ልናገር፣ አንቺ ስሚልኝ።»

ተስማሙ። እሱ በመነጋገሪያው ይናገራል፤ እሷ የእናቱን መልስ በማዳመጫዋ እየሰማች በእርሳስ ትጽፍለታለች። ምን በላህ? ጋቢውን ትለብሳለህ? ያ ጎረቤትህ አሁንም ይሰክራል? ትጽፋለች፣ ያነባል፣ ይመልሳል። እናትየው ልጃቸው መስማት እንደተወ እንኳ ብዙ ሳይታወቃቸው ቆየ። መልሱ ለምን ዘገየ ሲሉ «መስመሩ ነው» ትላቸው ነበር እትዬ ይርጋለም።

አንድ ቀን እሷ ጽፋ ስትጨርስ ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«የቀረውስ?» አለ።

አልቋል ብላ እጇን አወዛወዘች።

«እናቴ ሳትቆጣኝ ስልክ ዘግታ አታውቅም። ምን አለች?»

እትዬ ይርጋለም አቀርቅራ ጻፈች። «ፈዛዛ ብለውሃል።»

ፊቱ በራ። ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እሱን ነው እኮ የምፈልገው። ይርጌ፣ አትምረጪልኝ። የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ፤ የሚያስከፋኝን እኔ ራሴ ልወቀው።»

ከዚያ ወዲህ የሰማችውን ሁሉ ትጽፋለች። ፈዛዛ በየቅዳሜው አለ።

መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ግን ሥራ አልፈታም። የአንኮበርን ጭጋግ ያጠና ነበር። ገበሬው ለጭጋጉ ያወጣውን ስም ከድሮ ጀምሮ ሰብስቧል፤ ቁመቱንና መንገዱን ደግሞ ከታመመ በኋላ በየእረፍቱ እየሄደ ተመልክቶ ሥሏል። የከተማው መምህራን የጥናት ክበብ ነበራቸው፤ በየዓመቱ ክረምት ላይ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ዘርአ ዳዊት ጥናቱን ይዞ ለክበቡ ሊቀመንበር ለርእሰ መምህሩ ለጓድ ገብረ ሕይወት አቀረበ።

ጓድ ገብረ ሕይወት ክፉ ሰው አልነበረም። ጥንቁቅ ሰው ነበር። የኮቱን ቁልፍ ሁሉ እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ የክፍል በር ከመክፈቱ በፊት መስኮቱ መዘጋቱን ያያል። ጥናቱን አነበበና ወረቀት ላይ ጻፈለት፦ ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ መምህር ያንብበው። ጥናት ማለት ባለቤቱ ተጠይቆ የሚመልስበት ነው። አንተ አትሰማም።

«ተጠይቄ ብመልስስ?» አለ ዘርአ ዳዊት።

«ጥያቄውን ተረድተህ በራስህ አፍ ከመለስክማ ጥናቱ በስምህ ይሆናል። እንዲያውም መስከረም ላይ ክፍል እመልስሃለሁ» ብሎ ጻፈ ጓድ ገብረ ሕይወት። ይህን የጻፈው ይሆናል ብሎ አልነበረም። ሰው ልጁን አህያው ቀንድ ሲያወጣ ብስክሌት እገዛልሃለሁ እንደሚለው ነበር። ዘርአ ዳዊት ግን ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ስልክ ቤት ሄደና ለእትዬ ይርጋለም አሳያት።

«ትጽፊልኛለሽ?»

እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚህ በኋላ ነገሩ የእሷም ሆነ።

ችግሩ ጉባኤው ራሱ የሚቀመጥ አልመሰለም። ስለ ጭጋጉ መመስከር የሚችሉት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ አንኮበር ያሉት መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ዓይነ ስውር ናቸው። ሌላው ከአንኮበር ቁልቁል አሊዩ አምባ ያሉት የድሮ ነጋዴ ሐጂ ፈረጅ፣ ጉልበታቸው ከቤት እስከ መስጊድ እንኳ በግድ ነው የሚያደርሳቸው። በዚያ ላይ ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የአንኮበር መንገድ ጭቃ ነው። በየዓመቱ ስለ ሁለቱ ሰዎች ዕውቀት ይወራል፣ ሁለቱ ሰዎች ግን አንድ ጊዜም ተገኝተው አያውቁም።

ጓድ ገብረ ሕይወት ጉባኤው መሰረዙን ለአንኮበር ሊያስታውቅ ደወለ። ገና «እንደሚታወቀው በመንገዱ ምክንያት» ሲል መስመሩ ውስጥ ሌላ ድምፅ ገባ።

«ለምን እዚሁ አታደርጉትም፣ ጓድ?»

«እዚሁ የት?»

«ስልኩ ላይ። አንኮበርን በአንድ ገመድ፣ አሊዩ አምባን በሌላ ገመድ አገናኛለሁ። እናንተ እዚህ ትመጣላችሁ።»

«ይርጋለም፣ ታዳምጪያለሽ እንዴ?»

«ካላዳመጥኩ መጨረሳችሁን በምን አውቃለሁ?»

ጓድ ገብረ ሕይወት አሰበ። ቤንዚን አይፈጅም፣ አበል አይጠይቅም። እሺ አለ። ፈቃድ ለማውጣት ቀበሌ ሲሄድ ግን እትዬ ይርጋለምን ይዟት ሄደ፤ ስለማይገባው ነገር ብቻውን መጠየቅ አልፈለገም።

«የስብሰባው ቦታ?» አለ የቀበሌው ጸሐፊ።

«ሽቦው ላይ» አለች።

«ሽቦው ስንት ሰው ይይዛል?»

«የፈለገውን ያህል። ወንበር ግን የለውም።»

ጸሐፊው ብዙ አሰበና «ቦታ፦ ክፍት» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ሰዎቹን እያስጠራች ሥርዓቱን አስረዳቻቸው። ከመናገራቸው በፊት ስማቸውን እንዲናገሩ፣ አንድ በአንድ እንዲናገሩ፣ ሲጨርሱም ጨርሻለሁ እንዲሉ ነገረቻቸው። ለመሪጌታም ዘርአ ዳዊት ሥዕሉን ሁሉ በቃል እንደሚያስረዳቸው ቃል ገባችላቸው። ዘርአ ዳዊት እንደማይሰማ ግን ለማንም አልተናገረችም፤ እሱ ራሱ ካልነገራቸው የሷ ወሬ አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስልክ ጸጥ በሚልበት ሰዓት፣ ዘርአ ዳዊት ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ተሸክሞ በዝናብ ውስጥ መጣ። በእርሳስ መጻፍ ለጉባኤ አይበቃም ብለው ነበር። ሰሌዳውን ከማዞሪያው አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። እትዬ ይርጋለም ማዳመጫዋን አጠለቀች፣ ጠመኔ ያዘች። ጓድ ገብረ ሕይወት ሌላ ማዳመጫ በጆሮው ላይ ይዞ ኮቱን እንደቆለፈ ተቀመጠ።

«አሊዩ አምባ?»

«ሐጂ ፈረጅ ነኝ» አሉ፣ ሥርዓቱን አክብረው። «እንዴት ነሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና ነው? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? አልሐምዱ ሊላህ፣ እኛ ደህና ነን። ዝናቡስ?»

«አንኮበር?»

«ገብረመንፈስቅዱስ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ያች ነጭ በቅሎስ?»

«አለች፣ አልሐምዱ ሊላህ። ጓድ መሪጌታ፣ እርስዎስ ዓይንዎ?»

«ጓድ አይበሉኝ፣ ሐጂ። ዓይኔ እንደተዉት ነው።»

እትዬ ይርጋለም የሰማችውን ሁሉ ትጽፋለች። ሰሌዳው ሞላ፤ ዘርአ ዳዊት እየሳቀ አጠፋው። እንደገና ሞላ፤ እንደገና አጠፋው። ገና በቅሎዋ ላይ ነበሩ። ጓድ ገብረ ሕይወት ሰዓቱን አየ።

«ሊቀመንበሩ ነኝ» አለ። «ከአባቶች አንዱ ጉባኤውን በንግግር ይክፈቱልን።»

እዚህ ላይ ነገሩ ተቀረቀረ።

«ሐጂ ይክፈቱ፤ ታላቄ ናቸው» አሉ መሪጌታ።

«እኔ? እኔ ስወለድ እኮ መሪጌታ ዳዊት ደግመው ነበር።»

«የለም፤ እኔ ሳልወለድ ሐጂ ጢም ነበራቸው።»

«ከመሪጌታ ቀድሜ አፌን ከምከፍት ጉልበቴ ይቆረጥ።»

«እሱማ ተቆርጧል፤ ሌላ ይማሉ።»

አዳራሽ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠ ይታያል፤ ሰው ብድግ ብሎ ይለቃል፣ ሌላው እምቢ ይላል፣ ይጎተታል፣ በመጨረሻ ከላይ የተቀመጠው ይጀምራል። ሽቦ ላይ ግን ላይም የለ ታችም የለ። ሁለቱ ሰዎች ቦታ የሚለቁበት አጥተው ዕድሜ እየተለዋወጡ ቀሩ። ዝናቡ ይዘንባል። ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን ይዞ ቆሟል።

እትዬ ይርጋለም የአንኮበርን ገመድ ነቀለች።

«ሐጂ፣ መሪጌታን ጉሮሯቸውን ይዟቸዋል፤ ሐጂ ይክፈቱልኝ ብለው ለምነዋል» አለች፤ ወዲያው ገመዱን መልሳ ሰካች።

ሐጂ ፈረጅ «ቢስሚላህ» ብለው አጭርና ጥሩ ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱም «ለመሪጌታም ጉሮሮአቸውን አላህ ይማርላቸው» አሉ።

«ጉሮሮዬ ምን ሆነ?» አሉ መሪጌታ።

እትዬ ይርጋለም ይህንንም ጻፈች፤ የሰማችውን ሁሉ ነዋ። ዘርአ ዳዊት አነበበ፣ የተነቀለውን ገመድ አይቶ ነበርና እጁን አፉ ላይ ጭኖ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጓድ ገብረ ሕይወት ምንም እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ ዘርአ ዳዊት ጀመረ። መጀመሪያ ሥዕሉን ለመሪጌታ ነገራቸው። «ሦስት እርከን ያለው ግቢ ያስቡ፣ መሪጌታ። ላይኛው እርከን አንኮበር ነው። ታችኛው አሊዩ አምባ። መካከለኛው ማንም የማይቆምበት ገደል ነው። ጭጋጉ የሚውለው እዚያ ነው።» ቀጥሎ ስሞቹን አነሳ። ፈጥኖ መጥቶ ፈጥኖ የሚሄደውን ገበሬው «እንግዳው» ይለዋል። ከታች ተስቦ በጎች መካከል ድንገት የሚገባውን «ሌባው» ይለዋል። መጥቶ የማይሄደውን ደግሞ «ዘመዱ» ይለዋል።

ቀልድ ነው፤ ሰው የሚስቅበት ቦታ ነው። ሰሌዳውን አየ። ባዶ ነው።

ቀጠለ። ዘመዱ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ በምን ወር እንደሚበረታ ተናገረ። ሰሌዳውን አየ። ባዶ ነው። እትዬ ይርጋለም ጠመኔዋን ይዛ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች፤ እጇ አይንቀሳቀስም። በድሮው ጊዜ ክፍል ውስጥ ቢሆን የልጆቹን ፊት እያየ መከተላቸውን ያውቅ ነበር። እዚህ የሚያየው ፊት የጓድ ገብረ ሕይወትን ብቻ ነው፤ እሱም ከኮቱ ጋር ተቆልፏል።

ድምፁ እየቀነሰ ሄደና ቆመ።

«ይርጌ፣ ተቆረጠ?»

«አልተቆረጠም» ብላ ጻፈች።

«ታዲያ ማንም ምንም አይልም?»

ጠመኔዋ ትንሽ አመነታ። «አይሉም።»

ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን አጠፈ። «በቃ። ለመጋዘኑ መጻሕፍት ባነብላቸው ይሻል ነበር፤ እነሱ ባይከፈቱም ቢያንስ ይታያሉ።»

ጓድ ገብረ ሕይወት ተነሳ። አዝኖም ነበር፤ ቀለል ብሎትም ነበር። «እንግዲህ ሞክረናል» አለ።

በዚህ ጊዜ ነው ሐጂ ፈረጅ የጠየቁት። «ሐጂ ነኝ። ምነው ልጁ ቆመ? እሺ እያልነው?»

«መቼ አላችሁ?» አለች እትዬ ይርጋለም።

«ኧረ ከጀመረ ጀምሮ። ይኸው» አሉና ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። «ህ።» ቀዝቃዛ ውሃ እግሩን እንደነካው ሰው።

እጇ ደረቷ ላይ ቀረ። ያንን ድምፅ ሰምታዋለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሁለቱም ገመድ ህ፣ ህ ይል ነበር፤ በሽቦው ላይ የሚያልፍ የዝናብ ንፋስ ነው ብላ ትታዋለች። ለነገሩ እኛ አገር በአፉ «አዎ» የሚል ማን አለ? ሰው ሲያወራህ ትንፋሽህን ትስብለታለህ፤ እሱም ያውቃል፤ ማንም ቃል ነው ብሎ አይቆጥረውም። እሷ ራሷ ማዳመጫው ውስጥ ስትስብ ነው የዋለችው። ፈዛዛን ሳይቀር የጻፈች ሴት፣ ከሁሉ የበለጠውን ሳትጽፍ ቀረች።

ዘርአ ዳዊት ባርኔጣውን አንስቷል። እጅጌውን ይዛ ጎተተችውና በትልቁ ጻፈች።

«እሺ እያሉህ ነበር። በትንፋሽ። አልጻፍኩልህም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። «ብዙ ነበር?»

«ዝናብ እስኪመስለኝ።»

ባርኔጣውን መልሶ ማዞሪያው ላይ አኖረ። ከእንግዲህ እንዴት እንደሚጻፍ ተስማሙ። ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈለችው፤ ቀኙ አንኮበር፣ ግራው አሊዩ አምባ። ለአንድ ትንፋሽ አንድ «እ»።

እንደገና ጀመረ። እንግዳው ሲል ከቀኝም ከግራም እ፣ እ መጣ። ሌባው ሲል ግራው ብቻውን ሦስት ጊዜ እ አለ፤ ለካ ሐጂ በዚያ ጭጋግ በግ ጠፍቷቸው ያውቃል። ሰሌዳው እንደ ጤፍ ዘር በጥቃቅን እ ተሞላ። ዘርአ ዳዊት አሁን ወረቀቱን አያይም፤ ሰሌዳውን እያየ ነው የሚናገረው፤ ድምፁም ከፍ አለ።

«ዘመዱ እስከ አሊዩ አምባ ወርዶ ይቀመጣል» አለ። ቀኙ እ አለ። ግራው ባዶ ሆነ። ዘርአ ዳዊት ቆም አለ። «ሐጂ፣ በዚህ አልተስማሙም።»

«አጀብ» አሉ ሐጂ ፈረጅ። «ምንም አልተናገርኩም እኮ። ከደብረ ብርሃን ያየኛል እንዴ? ልክ ነህ ልጄ፣ ያ ጭጋግ እኛ ጋ አይደርስም። የገደሉ ወገብ ላይ ይቀራል። እኛ ከታች ሆነን ሆዱን ነው የምናየው።»

«አርማለሁ» አለ ዘርአ ዳዊት፣ አንብቦ ሲጨርስ። ጓድ ገብረ ሕይወትን አየው።

«ይህ አስተያየት ነው፤ ጥያቄ አይደለም» አለ ጓድ ገብረ ሕይወት። እትዬ ይርጋለም እሱንም ጻፈችው፤ ጠመኔው እስኪሰበር ተጭና።

ጥያቄው የመጣው ከአንኮበር ነው።

«ገብረመንፈስቅዱስ ነኝ። ልጄ፣ ሥዕሉን በቃል ስላሳየኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የነገርከኝ መልኩን ነው። የጭጋጉን ድምፅ አላነሳህም። ሌባው ሲመጣ የውሻው ጩኸት አጠገቤ ይመጣል። ዘመዱ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋቢ የለበሰ ያህል ይታፈናል። ይህ ለምን እንደሆነ ልጠይቅህ። ደግሞስ ድምፁን ለምን ተውከው? ጨርሻለሁ።»

የእትዬ ይርጋለም ጠመኔ ሰሌዳው ላይ እንደደረሰ ቀረ። ጓድ ገብረ ሕይወት ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ይህን ተዪው። ሌላ ጥያቄ ጠይቁ በያቸው፤ ሰውየው ይጎዳል» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ እውነተኛ ጭንቀት ነበር።

እሷም መተው አሰኝቷት ነበር። ሽማግሌው አያውቁም፤ በክፋት አልጠየቁም። አንድ ሌላ ቀላል ጥያቄ ከራሷ ጽፋ ብታቀርብለት ማንም አያውቅባትም፤ ጉሮሮ የፈጠረች ሴት ጥያቄ አያቅታትም። ዘርአ ዳዊት ደግሞ ይመልሰዋል፤ መስከረም ላይም ክፍል ይገባል።

«ፈዛዛ» የሚለውን ወረቀት ወደከተተበት ደረት ኪሱ አየች። ከዚያ ቃል በቃል ጻፈችው፣ «ድምፁን ለምን ተውከው» እስከሚለው ድረስ፣ ጨርሻለሁ ሳይቀር።

ዘርአ ዳዊት አነበበ።

«መሪጌታ» አለ። «ድምፁን የተውኩት መስማት ስለተውኩ ነው። ጆሮዬ ከጠፋ ቆይቷል። እርስዎ የሚሉትን ሁሉ ይርጋለም እየጻፈች ነው የማነበው።»

ከቀኝም ከግራም ትንፋሽ አልመጣም።

«ገብረመንፈስቅዱስ ነኝ» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው። «እኔም የነገርከኝን መልክ አይቼው አላውቅም።»

«ሐጂ ነኝ። እኔ ደግሞ ወጥቼ እንዳላረጋግጥ ጉልበት የለኝም» አሉ ሐጂ ፈረጅ። «ሦስታችንን ቢገጣጥሙን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል።»

ይህ ሲጻፍ ዘርአ ዳዊት ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ንግግሩ ጮኸ። ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ ጥያቄው ተመለሰ። «ውሻው ይቀርባል፣ ደወሉ ይታፈናል» አለ ለራሱ። ጠመኔውን ከእትዬ ይርጋለም እጅ ወሰደው። ከእ ዘሮቹ በታች በቀረችው ባዶ ቦታ ገደሉን ሠራ።

«ቆይ፣ መሪጌታ። ሌባው ከታች ነው የሚመጣው። ስሱ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ላይ ተኝቶ ነው የሚሳበው። በላዩ ሞቃቱ አየር አለ። እንደ ክዳን ነው። ውሻው ሲጮኽ ድምፁ ወደ ሰማይ አያመልጥም፤ ከክዳኑ ተመልሶ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ስለዚህ እርስዎ አጠገብ ይደርሳል። ዘመዱ ግን ክዳን የለውም። ሁሉን ሞልቶ ነው የሚቀመጠው፤ ከነዝናቡ ከነንፋሱ። ደወልዎ ከላይ ስለሆነ ድምፁ በየመንገዱ ይበተናል።» ጠመኔውን እያወዛወዘ ወደ ክፍሉ ዞረ፤ ተማሪዎች የተቀመጡ ይመስል። «ስለዚህ መሪጌታ በመልክ ሳያዩት የለዩት በዚህ ነው። እኔ ደግሞ አይቼው ያልለየሁት ነገር አለ። ውሻው ከየት በኩል ሲጮኽ ነው የሚቀርብዎት? ከታች ነው ወይስ ከጎን? ይንገሩኝና ከስምዎ ጋር ጥናቱ ውስጥ ይግባ።»

«ከታች» አሉ መሪጌታ። «ሁልጊዜ ከታች።»

«ሁልጊዜ ከታች» ብላ እትዬ ይርጋለም በጣቷ ወደ ታች አሳየችው፤ ጠመኔው እሱ ጋ ነበርና።

«ክዳኑ!» አለ ዘርአ ዳዊት።

ሁለቱም ገመዶች በአንድነት ትንፋሽ ሳቡ። ጠመኔዋን ተቀብላ በቀኝ እ፣ በግራ እ አደረገች። ከዚያ ጆሮዋ ሌላ ሰማ። ከማዳመጫው አልነበረም። ከአጠገቧ ነበር፤ ጠለቅ ያለ፣ ያልታሰበበት።

ሰሌዳው መካከል፣ ቀኝና ግራን በሚከፍለው መስመር ላይ፣ አንድ «እ» ጻፈች።

ዘርአ ዳዊት አየው። «ይህ የማን ነው? አንኮበር ነው አሊዩ አምባ?»

እትዬ ይርጋለም በጠመኔዋ ወደ ጓድ ገብረ ሕይወት አመለከተች።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ ጓድ ገብረ ሕይወት።

«አላሉም» አለች። «ሳቡ እንጂ።»

ጓድ ገብረ ሕይወት ማጥፊያውን አነሳ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያችን አንዲት ፊደል አያት። ቢያጠፋት ዙሪያዋን ያሉትም አብረው ይጠፉ ነበር፤ በጣም ተጠጋግተው ነበር የተጻፉት።

«ሐጂ ነኝ። ምን ተባለ? ለእኛም ንገሩን እንጂ፣ ጨለማ ውስጥ አስቀመጣችሁን።»

«እኔ ለምጄዋለሁ» አሉ መሪጌታ።

«መምህሩ ተጠይቆ መመለሱን ሊቀመንበሩ ተቀብለዋል» አለች እትዬ ይርጋለም በሁለቱም ገመድ። ጓድ ገብረ ሕይወት ማጥፊያውን አስቀመጠ። የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፤ ከዚያ «መስከረም ላይ ከሰሌዳው አጠገብ የሚጽፍልህ ሰው እንፈልጋለን» አለ። ለዘርአ ዳዊት መሆኑን ረስቶ በአፉ ነበር የተናገረው፤ እትዬ ይርጋለም ጻፈችለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘርአ ዳዊት መስኮቱ ላይ መጣ። እነዋሪን አስጠራችለት። ክፍል መመለሱን፣ ጥናቱ በስሙና በሁለት ሽማግሌዎች ስም መሆኑን ለእናቱ በጩኸት ነገራቸው፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አብሮ ሰማ። ከዚያ ወረቀቱን ይጠብቅ ጀመር።

ከእነዋሪ በመጀመሪያ የመጣው ቃል አልነበረም። ረጅም ትንፋሽ ነበር። እትዬ ይርጋለም «እ» ብላ ጻፈች፤ ትንሽ ቆይታ ከአጠገቧ ሌላ ጨመረችበት፣ እሳቸው ደግመውት ነበርና።

ቀጥሎ የመጣውንም ጻፈች። «ፈዛዛ፣ ይህን ለመንገር እስከ ቅዳሜ ጠበቅህ?»